ሳላነብለት ያስፈረምሁት ወረቀት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ ላቀው፤ አዲስ አበባ።

ከተለዩን ጀምሮ እንደምን ሰነበቱ? ሕመሙስ እንዴት አደረገዎ? እህል ይወስድልዎታል? እትዬ ወለተ ሥላሴስ እርስዎን ሲያስታምሙ ደከማቸው ይሆን? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ወፍጮውም ይፈጫል።

ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ሲሄዱ "ለወፍጮው ለምታወጪው ሁሉ ደረሰኝ ያዢ፤ ግብር ሲተመን ወጪው የሚቀነስልን በወረቀት ነው" ብለውኝ ነበር። የናፍጣውን ደረሰኝ ያዝሁ። ባለጋሪውን ዘሩን ግን ናፍጣውን ከቡሬ ባመጣ ቁጥር ኪራዩን በእጁ ከመስጠት በቀር አላስፈረምሁትም። ስንት ዘመን የሚያውቀንን ሰው ፈርም ማለት አለማመን መስሎኝ አፈርሁ። ወፍጮውን ለሚያዞረው ለሞተሩ ቺንጋ መለወጫ ያወጣሁትንም ሳላስጽፍ ቀረሁ።

ሐምሌ ሲገባ ፍኖተ ሰላም ግብር ቤት ሄድሁ። ሹሙ "ወረቀት የሌለው ወጪ አይቀነስም" አለኝ። ደነገጥሁ። ተመልሼ የዓመቱን የጋሪ ኪራይ በአንድ ወረቀት ጻፍሁ፤ የቺንጋውንም ዋጋ ደረብሁበት፤ ከዚያም ላይ ጥቂት ጨመርሁ። ዘሩን ጠርቼ "የኪራይህ ነው" አልሁት። ማንበብ እንደማይችል እያወቅሁ፣ ሳላነብለት አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ አስፈረምሁት።

ወረቀቱን ባስገባሁ በሳምንቱ ዘሩን ጠሩት። "ይህን ያህል አግኝተህ ግብር ያልከፈልህ ለምንድን ነው?" ብለው ፈረሱን በመያዣ ያዙበት። ፈረሱ ከተያዘ ሳምንት ካለፈው በኋላ ሚስቱ አስካለ ማርያም እያለቀሰች መጥታ ነገረችኝ። "በእውነት ይህን ሁሉ ተቀብለሃል?" ብለው ቢጠይቁት "አልጣሽ ከጻፈችው ልክ ነው" አላቸው አለችኝ። ጋሼ፣ የምገባበት ጠፋኝ።

በማግሥቱ ሄጄ ለሹሙ "ውሸቱ የኔ ነው፤ እሱ ምንም አያውቅም" አልሁት። ፈረሱ ተለቀቀ፤ ነገር ግን ዝናብ ላይ ሲያድር ከርሞ ጎኑ ገብቷል። የእኛ ኪራይም ቺንጋም ሳይቀነስ ቀረ፤ መቀጫም ተጨመረበት። የራሴን ላም ሸጬ ከፍያለሁ። ለሕክምናዎ የተቀመጠውን አልነካሁም፤ በዚህ አይጨነቁ።

ዘሩን እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንሁት። አነሣኝና "እግዜር ይቅር ይበልሽ" አለኝ። አሁንም ናፍጣ ያመጣልናል። ባመጣ ቁጥር ጽፌ አነብለታለሁ። ይሰማኝና "አትቀየሚኝ እንግዲህ" ብሎ፣ ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ለዲያቆን ክንፈሚካኤል ሊያስነብብ ይሄዳል። አልቀየመውም። እስኪመለስ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

እናታችን "ዐይንህን ሳላይ አልሙት" ይሉዎታል። ልጆችዎ ሀይሉና እህተ ማርያም ጉልበትዎን ይስማሉ። ለእትዬ ወለተ ሥላሴ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ዘሩም "ለጋሼ ላቀው ሰላም በይልኝ፤ ፈጣሪ ይማርዎ" ብሏል።

ቢቆጡኝም ይጻፉልኝ።

እኅትዎ አልጣሽ
ከቡሬ ገጠር፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.