በሰላም ቤታቸው የገቡት የአባ ተረተር የሕይወት ታሪክ

ሁላችሁም አባ ተረተር የምትሏቸው፣ እኔ ታናሽ እህታቸው ደግሞ ወንድም ጋሼ የምላቸው ሰው በ1936 ዓ.ም. ከጭነት ነጋዴ አባታቸውና ከፈታይ እናታቸው ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ሸለቆው በዝናብ ጊዜ ጭቃና ጎርፍ ስለሚሆን ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ በቅሎውን የሚነዳው በተረተሩ ማለትም በተራሮቹ ጀርባ ላይ በሚያልፈው ቀጭን መንገድ ነው። አባታችን በዚሁ መንገድ ጉም ውስጥ ገብተው ቀሩ። አስከሬናቸው እንኳ አልተገኘም። እናታችን የሚቀብሩት አጥተው ኖሩ፤ ከዚያ ወዲያ ቤታችን የሚፈራው ሌላም ሰው እንዲሁ እንዳይቀርብን ብቻ ነበር።

ወንድም ጋሼ ግን ትምህርታቸውን ከአራተኛ ክፍል አቋርጠው የአባታቸውን ሥራ ያዙ። ተው ቢባሉ የሚሰሙ አልነበሩም። ግትር ነበሩ፤ ዛሬ ሞቱ ብዬ አልሸሽግም። ጨው ጭነው ይሄዳሉ፣ ቆዳና ሰም ይዘው ይመለሳሉ።

በ1959 ዓ.ም. ከአንድ የሩቅ አገር ሰው ግራጫ በቅሎ ገዝተው መሪ አደረጓት። የተረተር ነጋዴ ጉም ሲወርድ በዓይኑ አይመካም፤ ልጓሙን ለቆ መሪዋን በቅሎ ይከተላል። ወንድም ጋሼም እንደ ደንቡ ተከተሏት። እሷ ግን መንታ መንገድ ላይ ስትደርስ ወደ ገበያው መሄዱን ትታ ወደ ድሮ ጌታዋ ቤት ታጠፈች። ጉሙ ሲገፈፍ ከነጨዋቸው ሰው ግቢ ውስጥ ቆመዋል። እዚህ እኛ ቀሩ ብለን ደረት እንመታለን፤ እዚያ የድሮ ጌታዋ ሴት ልጅ ለወንድም ጋሼ ውኃ ያቀርባሉ። እውነቱን ለመናገር ለመመለስም አልቸኮሉም። በራሳቸው ልቅሶ መሃል ዱብ ሲሉ እናታችን መጀመሪያ አቀፏቸው፣ ቀጥለው በጥፊ አጮሏቸው።

በዓመቱ ውኃ ያቀረቡላቸውን ወይዘሮ አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። ያጋባቻችሁ በቅሎዋ ናት እያልን ስንስቅባቸው ኖረናል። የእናታችን ስጋት ግን ለምራታቸው ተረፈ። ባለቤታቸው በየምሽቱ በር ላይ ቆመው ወደ ተረተሩ ማየት ልማድ ሆነባቸው።

የመኪና መንገድ ወጥቶ የበቅሎ ንግድ ሲቀር ተገላገልን አልን። ምን ተገላገልን! ወንድም ጋሼ አካፋ ይዘው በየሳምንቱ እየወጡ የተንከባለለ ድንጋይ ከተረተሩ መንገድ ያነሱ ጀመር። ለማን ብለው ነው ስንላቸው፣ በእግሩ የሚመጣ ገበያተኛ መቼ ጠፋ ይሉን ነበር። እግራቸው ሲዝል ምርኩዝ ጨመሩ እንጂ አልተዉትም።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ይዟቸው ሐኪም ዳገት ከለከላቸው። እሳቸው አኮረፉ፤ እኛ እፎይ አልን። ሰኔ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ረፋድ ላይ፣ ልጆቻቸው ዙሪያቸውን ቆመው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው፣ ትራሱ ከፍ አለብኝ እያሉ ሲነጫነጩ በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው በገዛ አልጋቸው ላይ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ሐዘኑ ይጎዳል፤ ግን ላስመስል አልችልም፣ እፎይታም አለኝ። ፊታቸውን አይተን፣ ስመን፣ በእጃችን ገንዘናቸዋል፤ ዛሬ ደግሞ እንቀብራቸዋለን። ትናንት ሲመሽ ባለቤታቸው እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ወጥተው ቆሙ። ጥቂት ቆይተው፣ ለካስ እቤት ናቸው ብለው በሩን ዘግተው ገቡ።

ፈጣሪ የወንድም ጋሼን ነፍስ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውም ሲጠብቁ የቀረባቸውን እንቅልፍ ይስጥልን።