ሁለት እጅ መሪው ላይ

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1፡00

ደብተሬ፣ ዛሬም ሞተሩ ሦስቴ ጠፋብኝ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ እለቃለሁ። የመኪና አስተማሪዬ አብዲላሂ፣ እዚህ አገር እንደሚሉት ሞኒተር፣ ድሬዳዋ ሲነግድ የለመደው አማርኛ አለው። "አቦ ጋሼ፣ እግርህን ማን አባረረው?" ይለኛል። ጋሼም እያለ አንተ ነው የሚለኝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ።

ቀበቶ፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ከዚያ ማርሽ። በቃሌ ይዤዋለሁ። ምልክት ከሌለ ከቀኝ የሚመጣው ይቀድማል። ይህንንም ይዣለሁ።

ለምን እንደምማር ታውቃለህ። ልጄ ሂሩት ስምንተኛ ወሯን ጨርሳለች። ባሏ ከዚህ ወደብ አዲስ አበባ ጭነት ያመላልሳል፤ ቀኗ ሲደርስ የት እንደሚሆን አይታወቅም። የእርሱ ፒካፕ መኪና ግን እዚሁ ሰፈራችን ዋራበሌ፣ ደጃችን ቆሟል። ሆስፒታል የማደርሳት እኔ ነኝ። እናቷን ብርቄን ያመማት ቀትር ላይ፣ ጫት የጫኑ መኪኖች ከተማ በሚገቡበት ሰዓት ነበር። ከተማው በሙሉ ወደ ጫቱ ሲሮጥ እኔ ታክሲ ፍለጋ አንድ ሰዓት ቆምኩ። ሳንደርስ ቀረን። ሌላ አልጽፍም።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ደኅና ቀን። የኋሊት ማቆም ተሳካልኝ። ሰፈር ስንደርስ መንገድ መሐል አንዲት ፍየል ቆማለች፤ እስክታልፍ ጠበቅኩ። ሂሩት ከበር ሆና ስታይ ኖሯል። "አባዬ፣ ከቀኝ ስለመጣች ነው ያስቀደምካት?" ብላ ሳቀችብኝ። ስትስቅ ቁርጥ እናቷን ናት።

ሞኒተር ያለኝን ልጻፍ፣ እንዳልረሳ። በጫት ሰዓት ሁሉም ይቸኩላል፣ አንተ አትቸኩል። ከፊትህ ካለው መኪና ራቅ በል። መንገዱ የኔ ነው ብለህ አትግባ። መንገዱ ያንተም ቢሆን እንኳ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ዛሬ የሆነውን ሳልተኛ ልጻፈው።

ከሞኒተር ጋር ከተማ ገባን። በቤተ ክርስቲያን በር ማለፍ ነበረብን። አላሰብኩትም። አርባ ዓመት በታክሲና በአውቶቡስ ተቀምጬ የማደርገውን አደረግኩ። ቀኝ እጄ ከመሪው ተነሣ፣ አማተብኩ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ።

ፍሬኑ ጮኸ። የኔ አይደለም፣ የሞኒተር። በተማሪ መኪና ከአስተማሪው እግር ሥር ሌላ ፍሬን አለ። ዓይኔን ስገልጥ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ (እዚህ እሑድ ትምህርት አለ) ከመኪናው አፍንጫ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆማለች። የቦርሳዋን ማንገቻ ይዛ አየችኝ። ከዚያ ሮጠች።

የሞኒተር አለመቆጣት ባሰኝ። ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። "ጋሼ፣ እኔም እሰግዳለሁ። በቀን አምስቴ። መኪናውን አቁሜ ነው።"

ለሂሩት አልነገርኳትም።

ኅዳር 9፣ ማክ.

ጸሎት እምቢ አለኝ። በአባታችን ሆይ መሐል የልጅቱ ዓይን ይመጣል። ማንን ነበር ያከበርኩት? እግዚአብሔርን ነው እላለሁ። ልጅቱንም እኮ የፈጠረ እርሱ ነው። ወይስ ልማድ ነው? ብርቄ በሕይወት ሳለች ሳላማትብ ካለፍኩ በክርኗ ትጎስመኝ ነበር። ምናልባት እርሷን እንዳልረሳ ነው የማማትበው። አላውቅም።

ሞኒተርን በዚያ በር አምስቴ አመላልሰኝ አልኩት። ተገርሞ እሺ አለ። አራቱን ጊዜ እጄ መሪው ላይ ቆየ። አምስተኛው ላይ ስለ ሐሙሱ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሳስብ በራሱ ተነሣ። "ሃይ!" ብሎ መዳፌን መታኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

አለፍኩ! ፔርሚው፣ መንጃ ፈቃዱ፣ እስኪታተም የምነዳበትን ወረቀት ዛሬውኑ ሰጡኝ። ፈታኙ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው፤ በሄሮን ሰፈር በኩል ባሕሩን ይዘን ሄድን። ስፖኪዮ አየሁ፣ ፍሬቻ አበራሁ፣ ለእግረኛ ቆምኩ። በዚያ መንገድ ቤ/ክ የለም።

ሂሩት እልል አለች። አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል አለችኝ። ፈታኙ ያላየውን ግን እኔ አውቃለሁ። እራት ላይ ነገርኳት፣ የልጅቱን ነገር ጭምር። ሆዷን ይዛ ሳህኗን ገፋ አደረገች። "እና ምን ልታደርግ ነው?" አለችኝ።

ተነሥቼ ሳህኖቹን አጠብኩ።

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ከቀኑ 7፡10

ምጥ ጀመራት። ጫቱ የሚገባበት ሰዓት ላይ! ታክሲ የለም፣ ሁለት ቦታ ደወልኩ፣ አያነሱም። ጎረቤታችን ፋጡማ ልብስ እያለበሰቻት ነው። እስክትጨርስ ቆሜ እጽፋለሁ።

ወደ ሆስፒታል አጭሩ መንገድ በቤ/ክ በር ነው። ረዥሙ ሩብ ሰዓት ይጨምራል። የሆስፒታሉን አዋላጅ በስልክ ጠየቅኳት። ምጡ ገና የተራራቀ ነው፣ ጊዜ አላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ኑ አለች።

ጌታዬ ሆይ፣ ዛሬ በደጅህ አላልፍም። እጄን አላምነውም። አንተን ሰላም ልበል ብዬ የሰው ልጅ አልገጭም። ነገ በእግሬ እመጣለሁ፣ ጫማዬን አውልቄ እሰግዳለሁ። ብርቄም ትረዳኛለች። ረዥሙን መንገድ እይዛለሁ፤ ቆርጫለሁ።

ቀበቶው ከሆዷ በታች ይለፍ። ርቀት ልጠብቅ። ከኋላዬ ጥሩንባ ቢነፉም አልቸኩል።

ሂሩት ከደጅ እየጮኸች ነው፤ አባዬ፣ ደብተሩን ተወውና ና፣ ልወልድ ነው እኮ