ከፈለገ ንፋሷን ያስጨምር

ሰኞ

መኪናዋ ዛሬም ዲዴሳ ዳገት ላይ ቆመች። ጌታሁን ናፍታ ናፍታ እየሸተተ ገባና ራቱን ሳይጨርስ "ፊልትሮው ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም" አለኝ። እኔ አልጠየቅሁትም። ባሌ ሳይጠየቅ ሲመልስ ከራሱ ጋር እየተከራከረ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ናት፤ የሚነዳት ጌታሁን። ቱርቦ አላት። ነቀምት ውስጥ እንዲህ ያለች የጭነት መኪና ሌላ አልገባችም። ስትነሳ ስለምታፏጭ ሰው ሱቁን ትቶ ወጥቶ ያያታል። ከጊምቢ ቡና ጭና ዳገቱን ስትጀምር ግን ፉጨቱ ይጠፋል። ማርሽ ይቀንሳል፣ ደግሞ ይቀንሳል፣ ከዚያ ቀጥ። ቱርቦ የሌላቸው አሮጌዎቹ ጡሩምባ እየነፉ ያልፏታል። ሾፌሮቹ ጌታሁንን "ፉጨት ብቻ" ይሉታል አሉ። እሱ አልነገረኝም፤ ገበያ ነው የሰማሁት።

ናፍታው የሚመጣው በበርሜል ነው። ውሃም አፈርም አለበት። ፊልትሮው ሲደፈን ሞተሩ ይራባል፤ ነገሩ ይኸው ነው ይላል።

ነገ ለአባቴ ይህን እንድነግርለት አዘዘኝ። እኛ ዘንድ አማትና አማች ፊት ለፊት ቁጭ ብለው አያወሩም። በመሀል የሚሄድ ሰው አለ፣ ያም እኔ ነኝ። ጌታሁን የሸዋ ሰው ልጅ ነው። እዚሁ ተወልዶ ቢያድግም፣ ከሠርጋችን ወዲህ ወጉን ከኛ ከኦሮሞዎቹ በላይ አጥብቆ ይዟል። አባቴ በመንገድ ሲመጣ ካየ ይሻገራል። ሽማግሌዎቹ ያመሰግኑታል፤ የኔ እግር ግን አለቀ።

ማክሰኞ

ፊልትሮው ተቀየረ! አሮጌውን አውጥቶ አሳየኝ፤ ውስጡ የቡና አተላ ይመስላል። አዲሱን ንጹህ ናፍታ ሞልቶ አሰረ፣ ከዚያ አየሩ እስኪወጣ በእጅ ፖምፓው ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ። አረፋው አልቆ ናፍታው ብቻ መውረድ ሲጀምር ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

እስከ ጨለለቂ ወስዶ መለሳት። "ተነፈሰች" አለኝ። እኔም ተነፈስኩ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኩት። አባቴ ኦቦ ደበላ ብዙ አይናገርም። አገዳ በሩ ላይ እየላጠ ቆየና እንዲህ አለኝ፦ "ደህና አድርጓል። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሌሎቹ ይቀድሟታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሶዳ ኮ ከፈለገ ንፋሷን ያስጨምር። እኔ አልከለክልም በይው።" ሶዳ በኦሮምኛ አማችም አማትም ነው።

ቃል በቃል ለጌታሁን አደረስኩ። ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ንፋስ መጨመር ማለት ናፍታውንም መጨመር ማለት እንደሆነ አስረዳኝ። ብዙ ናፍታ ብዙ እሳት ነው፣ እሳቱ ሲበዛ ፒስተን ያቀልጣል።

"ታዲያ አትጨምር" አልኩት።

"አባትሽ ከፈለጉ እኔ ምን እላለሁ?"

እውነቱን ነው። የሽማግሌ "ከፈለገ" እዚህ አገር ትእዛዝ ነው። እኔ ራሴ እንደዚያ ነው የሰማሁት።

ረቡዕ

ከአኖ ከተማ ከድር የሚባል ሜካኒክ ተጠራ። ነገ ይመጣል።

ጌታሁን ጠዋት ጫማውን እያሰረ "ለአባትሽ፣ ሞተሯ ሙቀት እንዳይበዛባት እፈራለሁ ብለሽ… አይ፣ ተይው" አለኝ። ልበለው አልኩ። ሶዳ እምቢ አይባልም አለ። ከወለጋ ሰው ተወልጄ የወለጋን ወግ የሚያስተምረኝ የሸዋ ሰው አገኘሁ።

ቢሆንም ሄድኩ። እነግረዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ቤቱ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተሞልቷል። በእነሱ ፊት አባቴ ጠየቀኝ፦ "ልጁ ደስ አለው?"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አማችህ ፈርቷል እንዴት ይባላል? "ደህና ነው አባ" አልኩ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌዎቹም ነቀነቁ። ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆሜ ምላሴን ልቆርጠው ፈለግሁ።

ሐሙስ

ከድር ሥራውን ያውቃል፣ አልዋሽም። ፖምፓው ላይ ናፍታውን የምትመጥነውን የታሸገች ብሎን ፈትቶ አዞራት፣ ሞከረ፣ ደግሞ አዞራት። ጌታሁን "በቃ" ሲለው "ኦቦ ደበላ ጉልበት ይጨመር ብለዋል አላልክም?" አለውና አንዴ ጨመረላት።

ስትነሳ ሰፈሩ ጨለመ። ጭሱ አጥር ላይ የተሰጡ የጎረቤታችንን ነጠላዎች አጠቆራቸው፤ ከሰዓት በኋላ እኔ ነኝ መልሼ ያጠብኳቸው። ፉጨቱ ወደ ጩኸት ተለውጧል። ሾፌሮች መጥተው ጌታሁንን ትከሻውን መቱት። አሁን ማን ይይዝሃል አሉት። እሱ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ የጠራውን እጅ መልሶ ይጠርጋል።

ነገ ባዶዋን ጊምቢ ይሄዳል። ቅዳሜ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ቁልቁለቱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ጭነቱን ይዛ ስትወጣ ነው። እኔ ደግሞ መኪና አልነዳ፣ ብሎን አልፈታ፣ አባቴን አላዝዝ። የምችለው ነገር ስንቅ መቋጠር ነው፤ ቋጠርኩ።

ዓርብ

ጠዋት ሄደ። ጩኸቷ ኮረብታውን እስክታልፍ ይሰማ ነበር።

የጃንሆይ ሥዕል ሥር ቆሜ ማካፈል ሳስተምር በመስኮት አባቴን አየሁት፣ ከአጥሩ ውጭ ባርኔጣውን ይዞ። አባቴ ትምህርት ቤት መጥቶ አያውቅም። ሰው የሞተ መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ።

"ያቺ መኪና እንዲያ ስትጮህ ሰማኋት" አለኝ። "አልወደድኩትም። ሾፌሮቹ ሲያፌዙበት አዘንኩለትና ነው ያስጨምር ያልኩት። ይህን ያህል መፈለጉን ግን አላወቅሁም።"

"እሱ የት ፈለገ አባ? አንተ ስለፈለግህ ነው እንጂ።"

"እኔ?" አለ። "እኔ መቼ ፈለግሁ?"

አንዱ ላንዱ ብሎ፣ ሌላው ለሌላው ብሎ፣ ማንም ያልፈለገው ነገር ተደረገ። በመሀል የተመላለስኩት እኔ፣ መምህርቷ፣ ሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ የምለው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። በኛ ቤት ነቀዘ።

አባቴ ወደ ቴሌፎን ቤት ሮጠ፤ በዚያ ዕድሜው ሮጠ። የጊምቢ መስመር በዝናብ ተበጥሷል አሉት።

ቅዳሜ

ቀትር አለፈ። የለም።

አውቶቡስ መጣ። ሾፌሩን ስጠይቀው "ዳገቱ ላይ ቆማለች፣ ነጭ ጭስ ታወጣ ነበር" አለኝ። ሰውስ? ሰው አላየሁም አለ። አላየሁም ማለት ምን ማለት ነው? መልሼ ልጠይቀው ስል ተሳፋሪ ከበበው።

አባቴ ቤቴ መጥቶ ተቀመጠ። ከሠርጋችን ወዲህ ቤቴ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። አባቴ ለእንጀራ እንኳ ረጅም ጸሎት የሚጸልይ ሰው ነው፤ ዛሬ "ዋቃዮ" ብሎ ጀመረና ሌላ ቃል አልመጣለትም። ልጽፍ ብዕር አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ወደ በር ሄድኩ፣ ተመለስኩ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጌታሁን በሌላ ሰው የጭነት መኪና ተሳፍሮ መጣ። በእግሩ ነው የገባው። ፊቱ ጥቁር፣ የቀኝ እጁ በጨርቅ የተጠቀለለ። አባቴን ሲያይ ወደ ኋላ አለና ደፉ ላይ ቀረ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ለኔ ተናገረ።

"ለአባትሽ ንገሪልኝ። ፒስተኑ ቀለጠ። መኪናቸውን ገደልኳት።"

አባቴ ወደኔ ዞረ። "ንገሪው" አለ፣ "መኪናዋ…"

"አልናገርም" አልኩ። ድምፄ የማን እንደሆነ አላውቅም። "እዚሁ ናችሁ። ደክሞኛል።" አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ከዚያ አባቴ ተነሳ፣ ደፉ ድረስ ሄደ፣ ጌታሁን ፊት ቆመ።

"ጌታሁን" አለው። በስሙ ጠርቶት አያውቅም። "እጅህን አሳየኝ።"

ጌታሁን እንደ ሕፃን እጁን ዘረጋለት።

እሑድ

እጁ ይድናል፤ የጋለው ሞተር ቆዳውን ብቻ ነው የላጠው። የመኪናዋን ግን እንጃ። ከድር ሞተሩ ምናልባት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አለበት ይላል። የአባቴ ገንዘብ በሙሉ ያለው እሷ ላይ ነው። ጌታሁን ሌላ ሥራ የለውም። ምን እንደምንሆን አላውቅም።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ቀረ፤ ይህም አዲስ ነው። ጠዋት ሁለቱ መኪናዋን ሊያዩ በአውቶቡስ ወደ ዲዴሳ ሄዱ። እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። ጌታሁን ከኋላ ሊቀመጥ ሲሄድ አባቴ አጠገቡ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገ። ተቀመጠ። ሁለቱም ወደ ፊት ለፊት መስታወት ብቻ ያያሉ።

እንደማስበው እስከ ዳገቱ ድረስ አንድ ቃል አይነጋገሩም። ቢሆንም መልእክተኛ አልወሰዱም።