ከታላቅ እህት ክንድ የተቀዳ ደም

እህታችን ጥር 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው፣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ተወለዱ። ምጡ አንድ ሰዓት እንኳ ስላልፈጀ እናታችን «ይቺ ልጅ ስትመጣም ቸኩላ ነው» ይሉ ነበር። መግባታቸው ሳይታወቅ ወጥተው ስለሚገኙ ቤተሰቡ «ሽው» የሚል ቅጽል ስም አወጣላቸው።

ትምህርት ቤት ከወንበራቸው እየተነሱ ስላስቸገሩ መምህራቸው ሰሌዳ አጥፊ አደረጓቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ቆመው ተምረው አንደኛ ወጡ። በ1984 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመረቁ፤ ኋላም ዶክትሬታቸውን ያዙ። በ1990 ዓ.ም. ከሰዓት ጠጋኝ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ከሠርጋቸው ፎቶዎች መካከል እሳቸው ያልተንቀሳቀሱበት አንድም የለም።

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው አንጀት በቺፕ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ያጠኑ ነበር። ቺፑ አውራ ጣት የሚያህል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። በውስጡ ባሉት ቀጫጭን ቦዮች በአንዱ በኩል የአንጀት ሽፋን ሕዋሳት ያድጋሉ፤ በሌላው በኩል ከደም የተለዩ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ይፈስሳሉ። ከቺፑ ጋር የተያያዘ ትንሽ ፓምፕ ልክ እንደ ሆዳችን ሳብ ለቀቅ ያደርገዋል። ፓምፑ ሲበላሽ ባለቤታቸው በሰዓት መፍቻ ይጠግኑላቸው ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የታናሽ እህታቸው አንጀት ክፉኛ ቆሰለ። ሐኪሞች የሚያስታግስ መድኃኒት ካልተገኘ ግማሹን ቆርጠው እንደሚያወጡት ተናገሩ። ሽው ለምርመራ ከተወሰደው የእህታቸው አንጀት ሕዋሳት አሳድገው መድኃኒቶቹን በቺፑ ላይ ይሞክሩ ጀመር። ለመከላከያ ሕዋሳቱ ግን ደም ያስፈልግ ነበር። እህታቸው ከስተዋል፤ መርፌም ይፈራሉ። ስላሳዘኗቸው ሽው ከራሳቸው ክንድ ቀዱ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንዳይሠራው የሚነገረውን ስህተት ሠሩ።

አራት ወር ሙሉ ሽፋኑ ይፈርሳል፤ መድኃኒት ይቀየራል፤ ሽፋኑ ደግሞ ይፈርሳል። ፓምፑ ስድስት ጊዜ ተፈታ። የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠ። በመጨረሻ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ «ዶክተር፣ ይሄ እኮ በሽታው አይደለም። የእርስዎ ደም የእሳቸውን ሥጋ ባዕድ ብሎ ነው የሚዋጋው» አሏቸው። ሽው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ እህታቸው ቤት ደርሰው «ክንድሽን አምጪ!» አሉ። በእህታቸው በራሳቸው ደም ሲሞከር ሦስተኛው መድኃኒት ሽፋኑን አዳነው። ቀዶ ጥገናውም ቀረ። ሽው ስህተታቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው በላቦራቶሪው በር ላይ ለጠፉት፤ እስካሁን አልተነሣም።

ዘንድሮ ልባቸውን ስላመማቸው ሐኪም አንድ ወር እንዲተኙ አዘዛቸው። ሦስት ቀን ተኙ። ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. የላቦራቶሪውን ደረጃ እየወጡ ሳለ በ55 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። የሥራ ባልደረቦቻቸው ዛሬ ያረፈዱት በቺፖቹ ውስጥ ያሉትን ሕዋሳት መግበው ስለመጡ ነው፤ ይቅር በሏቸው።

ታናሽ እህታቸው እኔ ነኝ። «እሳቸው» እያልኩ እዚህ ደረስኩ፤ ከዚህ በላይ አልችልም። ሽው፣ አንጀቴ እስከ ዛሬ ሙሉ ነው። ሐሙስ ለቺፑ ደም የምሰጥበት ቀን ነው፤ መርፌውን እንደፈራሁ እሄዳለሁ፤ አላረፍድም። አንቺ ግን አሁንስ ተቀመጪ። ፈጣሪ ወንበርሽን አመቻችቶ ይቀበልሽ።