ለመንገዱ ጀርባውን የሰጠ ክሊኒክ

ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

እማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ከላይ የሚወርዱ ሹፌሮች ደብረ ሲና ብርዱ ከፍቷል ይላሉ፤ ጋቢሽን ደራርቢ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፤ ዝምታውን ግን ገና አልለመድኩትም።

የሕንፃ ንድፍ ተማሪዎቼን ይዤ የወረድኩት ለአዲሱ መንደር ክሊኒክ እንዲነድፉ ነበር። ገበሬው ከየቀዬው ተነስቶ በመስመር በተሠሩ የቆርቆሮ ቤቶች ሰፍሯል። ልጆቹ አዲስ አበባ ሆነው የሣሉትን ይዘው መጡ፤ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወደ ምዕራብ የዞረ ሰፊ መስታወት። በቀትር አንዱ ባዶ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁባቸው። ዓለምፀሐይ፣ ያቺ ክርክር የማይሰለቻት፣ "ገባን፣ ይክፈቱልን!" ብላ እስክትጮህ ጠበቅሁ።

ስንወጣ ዙሀራ የምትባል አራስ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ሕፃኗን በነጠላዋ ስታራግብ አገኘናት። የካራቆሬው ልጅ ሷሊሕ፣ ቤት ሳላት ለምን ደጅ እንደዋለች ጠየቃት። "እዚያ ውስጥ ልጄን ልጥበሰው?" አለችው። ሌላ ትምህርት አላስፈለገኝም። ልጆቹ ወረቀታቸውን ቀደው እንደገና ጀመሩ። ከፍ ያለ የሣር ክዳን፣ ከሥሩ የነፋስ መውጫ፤ መንገዱ ባለበት በምዕራብ በኩል መስኮት የሌለው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ በምሥራቅ በሩና በረንዳው።

የመንደሩን ሥራ የሚመራው ካድሬ ንድፉን አየና፣ "ለመንገዱ ጀርባውን ሰጠ እኮ! የበላይ አካል ሲያልፍ ምን ሊያይ ነው?" አለ። የምንሠራው ለታመመ እንጂ ለሚያልፍ አይደለም አልኩት። "የመንደሩ ፕላን ከላይ የመጣ ነው!" ብሎ ተቆጣ። አፌን ታውቂው የለ፤ "ፀሐዩም የሚመጣው ከላይ ነው፣ ጓድ" አልኩ። ገበሬዎቹ ሳቁ። ነገሩን ያበላሸው ሳቁ ነው።

ክሊኒኩ ግን ተሠራ። ሽማግሌው አብዱልሃዲ፣ "ሴቶቻችን የሚወልዱበት ነው፤ እንደ ልጆቹ ካልሆነ ወላሂ ድንጋይ አናነሳም" ብለው ቆሙ። በቀደም መጀመሪያ የወለደችውን እናት፣ ውጭው እንደ እሳት እየነደደ፣ እሷ ከሕፃኗ ጋር እንቅልፍ ወስዷት አየኋት።

ተማሪዎቹ ሲሄዱ አውቶቡሱ ላይ ቦታ ይዘውልኝ ነበር። ካድሬው በሩ ላይ ቆሞ እኔ እዚህ ለሥራ እንደምፈለግ ነገራቸው። ዓለምፀሐይ በመስኮት እጄን ይዛ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ አልለቀቀችኝም። አሁን ጠዋት ጠዋት ወረዳው ቢሮ ሄጄ ፈርሜ እመለሳለሁ፤ የሥራ ደንብ ነው። አከራዬ ሰላምታዋን አሳጥራለች። አንዳንዴ ባዶ ክፍሌን፣ "ነፋሱ በየት በኩል ይገባል?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ እጁን የሚያወጣ የለም። ተራራችሁ ከደጄ ይታየኛል። ጉሙ ሲወርድበት፣ አሁን እማዬ በሯን ዘጋች እላለሁ።

ወርጄ ልይሽ ያልሽውን፣ አደራሽን፣ ተይው፤ ይህን ሙቀት አትችይውም። ለእንቁጣጣሽ ብቀር፣ ለሚጠይቅሽ ሁሉ ሥራ ይዟት ነው በይ። ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን መጻሕፍቴን ለማንም አታሳዪ። ብታነጂያቸውም ቅር አይለኝም።

እመቤቴ ማርያም ከአጠገብሽ አትራቅ። በጸሎትሽ ስሜን ሳትጠሪ አትደሪ።

አንድ ልጅሽ