በሰንሰለት የታሰረው ፓምፕ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ማቴዎስ፣

የጌታ ሰላም አሰብ ድረስ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? የወደቡ ሙቀት እንዴት አደረገህ? ወገብህንስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጆንያ ያሸክሙሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬም ደህና ናት፤ ክረምቱን ጉልበቷ ብቻ አልወደደውም። አለን የምልህ ግን ለወጉ ነው እንጂ፣ እኔስ በንዴት ልፈነዳ ነው።

ባለፈው የጻፍኩልህ የሰፈራችን ጉድጓድ ሰኔ ላይ አለቀ። ወንዶቹ ቆፍረው፣ እኛ ሴቶቹ ድንጋዩን በጀርባችን አመላልሰን፣ አፉ በሲሚንቶ ተከድኖ የእጅ ፓምፕ ተተከለለት። የውሃ ባለሙያው አቶ ጠሀ አስመርምሮ ንጹሕ ነው ጠጡ አለን። እኔም የውሃ ኮሚቴ ሆኜ ተመረጥኩ። እልልታችንን ሳንጨርስ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ግዛቸው እጀታውን በሰንሰለት አስቆለፈው። ለምን ብትል፣ በአብዮት በዓል ከክፍለ ሀገር የሚመጣ እንግዳ መርቆ እስኪከፍተው ማንም እንዳይነካው! ቁልፉን ደግሞ ለእኔ ሰጠኝ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ጉድጓዱ ደጃችን እያለ ክረምቱን ሙሉ ከብት ከሚጠጣበት ከሐይቁ ዳር እየቀዳን ጠጣን።

አቶ ጠሀ ሲሄድ አስጠንቅቆኝ ነበር። ውሃውን የሚስበው በፓምፑ ውስጥ ያለው ቆዳ ነው፤ ሳይሠራ ከቆመ ደርቆ ይሰነጠቃል ብሎኛል። ይህንን ለጓድ ግዛቸው ሦስት ጊዜ ነገርኩት፤ በቀን አንድ ባልዲ እንኳ እንቅዳ ብዬ ለመንኩት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከእንግዳው በፊት የሚቀዳ ካለ አብዮቱን ንቋል አለኝ። ፈራሁ ጋሼ፣ ዝም አልኩ።

ነሐሴ ላይ ተቅማጥ ሰፈሩን ገባው። ልጄ ታቢታ አምስት ቀን ታማ በጌታ ቸርነት ተረፈች። የጎረቤታችን የጫልቱ ሕፃን ግን አልተረፈም። ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት ጫልቱ እንስራዋን ይዛ ደጄ መጥታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ክፈችልኝ፣ ማንም አያይም ብላ ለምናኛለች። ምን ብላት ጥሩ ነው? መስከረም ሁለት ይከፈታል፣ ትንሽ ታገሺ አልኳት።

በዓሉም ደረሰ። ንግግሩ አንድ ሰዓት ፈጀ፤ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። እንግዳው ኮቱን አውልቆ እጀታውን ቢያወርደው ቢያነሣው ፓምፑ ትንፋሽ ብቻ ተፋ፤ አንዲት ጠብታ አልወጣም። አንዳንዱ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ፤ እኔ ሳቅም አልመጣልኝ። በማግስቱ ጓድ ግዛቸው፣ አሻጥር ነው፣ ቁልፉ በእሷ እጅ ነበር ብሎ ከሰሰኝ። የፊታችን እሑድ ሕዝብ ፊት ቆሜ ግለ ሂስ እንዳደርግ ታዝዣለሁ። እማዬ፣ ቆዳውን ያደረቅኩት እኔ ነኝ በይና ተገላገይ እያለች ታለቅሳለች።

ጥፋተኛ ነኝ እላለሁ፤ ቆዳውን አደረቅኩ ግን አልልም። ጥፋቴ መታዘዜ ነው። አንዲት እናት ለታመመ ልጇ ውሃ ስትለምነኝ፣ ንግግር እስኪደረግ ታገሺ ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ ያሻቸውን ያድርጉ። እሑድ ቤቴ ካልገባሁ ታቢታን አደራ።

ይህንን በፖስታ መላክ ስላላመንኩ ጨው ሊጭን ለሚወርድ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። የቆዳውን ልክ በወረቀት ቆርጬ አብሬ ልኬልሃለሁ። እዚህ ፈልገን አጥተናል፤ ወደብ ላይ ካገኘህ በዚያው ሾፌር ላክልን። እኔ ብኖርም ባልኖርም አቶ ጠሀ ይገጥመዋል።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ታናሻችን አምሳሉ ስምንተኛ ክፍል አለፈ፤ ጢሙ ሳይበቅል እንደ ሽማግሌ መካሪ ሆኖብናል፤ ሰላም ይልሃል። ታቢታም አጎቴ መቼ ይመጣል እያለች ነው። ጫልቱ ደብዳቤ ስጽፍልህ ባየችኝ ቁጥር የእኔንም ሰላምታ ጨምሪልኝ ትል ነበር። ዛሬ በደጄ ስታልፍ ወረቀቱን አይታ ምንም አላለችኝም።

እህትህ ጽጌሬዳ
አዋሳ፣ መስከረም 7 ቀን 1975 ዓ.ም.