ሁለቱ የድንጋይ ገንዳዎች

ውድ ወንድሜ ጋሼ እንዳሻው፣ ከነልጆችህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እዚህ ኦስሎ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ስሪላንካ ሄጄ ተመለስኩ። አብራኝ ጽዳት የምትሠራው የኒልሚኒ አገር ናት። ትኬቱን የቆረጥነው ከባለቤቴ ከደበላ ጋር ነበር፤ ሥራ በዝቶበት ቀረና ብቻዬን ሄድኩ።

አንድ የቡድሃ ገዳም ውስጥ፣ መነኮሳቱ ከሺህ ዓመት በፊት ይታጠቡባቸው የነበሩ ሁለት የድንጋይ ገንዳዎች ጎን ለጎን አሉ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ውሃውን ሳይ ዋልኩ። የጥበቃው ሽማግሌ፣ «ብቻሽን ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

«ባለቤቴ በር ላይ ጫማውን እያወለቀ ነው፤ አሁን ይመጣል» አልኳቸው።

አምነውኝ፣ ግቢው እስኪዘጋ ድረስ አብረውኝ ጠበቁ።

ጋሼ፣ ደበላ አንተ ጋ ከደወለ፣ የቤቱን ቁልፍ እንዳልቀየርኩት ንገርልኝ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ አምላክ በጤና ያቆይልኝ።

እህትህ ትርንጎ፣ ከትሮስተሩድ፣ ኦስሎ